ሦስት ሳምንት ያልደረቀው ሙጫ

የመጨረሻው መጽሐፍ ትምህርት ቤታችን የደረሰው የካቲት አሥራ ሰባት ቀን ነው። ማክሰኞ ነበር፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ክፍለ ጊዜ ስለሌለኝ ቀኑን አልስተውም። አሁን ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ ግን ወደ ኋላ ቆጥሬ ባየው የዚያ ዓመት የካቲት አሥራ ሰባት እሑድ ላይ ወደቀብኝ። እሑድ ደግሞ ግቢው ዝግ ነው። እንግዲህ ወይ ቀኑ ተሳስቷል፣ ወይ ማክሰኞው፣ ወይ እኔ፤ ምናልባት ሦስታችንም። የማልጠራጠረው አንድ ነገር ነው። እትዬ ዝምታ መጽሐፉን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃቸው ታቅፈው ግቢውን ሲያቋርጡ አርባ ያህል ተማሪ ከኋላቸው ይከተል ነበር፤ ከአርባው አንዱ እንኳ አይጮኽም። በዚያ ግቢ አርባ ልጅ ሳይጮኽ ሲሄድ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

እትዬ ዝምታ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነበሩ። እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም በሠራተኞች መዝገብ ላይ አለ፤ በዚያ ስም የጠራቸው ሰው ግን አላጋጠመኝም። ቅጽል ስሙን ያተረፉት በቀይ ቀለም «ዝምታ!» ብለው ጽፈው በአራቱም ግድግዳ ስለለጠፉ ነው። ማስታወቂያው እሳቸውን አይጨምርም። «ዝም በሉ!» ብለው ሲጮኹ ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ቀጥ ይላሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝምታን በጩኸት ሲፈልጉ ኖሩ፤ አላገኙትም።

ክፍሉ ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። ሙቀት ሲበረታ መጻሕፍቱ የኳስ ቆዳ ይሸታሉ። ሁለት መስኮት አለው፤ አንዱ አይከፈትም፣ አንዱ አይዘጋም። ከስድስቱ ረጃጅም ጠረጴዛዎች የአንዱ እግር አጭር ስለሆነ ከሥሩ ግማሹ የጠፋ መዝገበ ቃላት ገብቶለታል። «እሱም ሥራ አገኘ» ይሉ ነበር እትዬ።

እኔ በዚያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የቋንቋ መምህር ሆኜ የተመደብኩ ለጋ ነበርኩ። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ሁሉም ሰው ስለሚያወራ ደብተር የማርመው እትዬ ዘንድ ነው። እዚያ የሚያወራው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ የሚደርሰው አንድ ቅጂ ነው። አንዱ ልጅ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ ቤቱ ከገባ ሌላው ወር ሙሉ ደጅ ይጠናል። እትዬ ለዚህ መላ ነበራቸው። ወፍራም መጽሐፍ ሲመጣ ሽፋኑን በስለት ያነሳሉ፣ ጀርባውን በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ እያራሱ ሙጫውን ያለቅቃሉ፣ ከዚያ የተሰፋበትን ክር ይፈታሉ። ወፍራም መጽሐፍ ሲሠራ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እየሆነ ይታጠፍና እጥፎቹ አንድ ላይ ይሰፋሉ። እትዬ እጥፎቹን አምስት አምስት እያደረጉ በወስፌና ሰም በተቀባ ክር እንደ ገና ይሰፉና ከብስኩት ካርቶን ሽፋን ያበጁላቸዋል። አንዱ መጽሐፍ ስድስት ይሆናል። በላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከአንድ እስከ ስድስት ይቆጥሩታል። አንደኛውን የጨረሰ መልሶ ሁለተኛውን ይወስዳል፤ በእሱ እግር ሌላው ይገባል።

አንድ ጣጣ ብቻ ነበረው። እጥፉ የሚያልቀው ምዕራፍ ሲያልቅ አይደለም። ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ፣ አንዳንዴም ቃል መሀል ላይ ቁርጥ ይላል።

«እትዬ፣ ለምን ምዕራፉ ሲያልቅ አይቆርጡትም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ምዕራፍ ላይ ለመቁረጥ ወረቀት መቅደድ አለብኝ። እኔ ክር እፈታለሁ እንጂ ወረቀት አልቀድም።» ወስፌውን በጥርሳቸው ያዙና ክሩን ሳቡ። «ደሞ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ልጁ ምዕራፉን ጨርሶ ለጥ ብሎ ከተኛ፣ ነገ ምን ያስመጣዋል?»

ተማሪዎቹ «በሮቹ» የሚሉት ታሪክ አምስት ቅጽ ነው። ወደፊት በሚመጣ ዘመን አንዲት ከተማ አለች። በከተማዋ ማንም የገዛ ቤቱን በር ከውስጥ መክፈት አይችልም፤ መክፈቻው በውጭ በኩል ነው። ሰው ከቤቱ የሚወጣው ጎረቤቱ ሲከፍትለት ነው፣ ጎረቤቱም የሚከፍተው የበሮች ጽሕፈት ቤት ሲፈቅድለት ነው። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይህን አልቀበልም ትላለች። እንግዲህ አምስት መጽሐፍ ሙሉ አልቀበልም ስትል ትኖራለች። «የመጀመሪያውን ጎረቤት ማን ከፈተለት?» ብዬ ክፍል ውስጥ ብጠይቅ ተማሪዎቹ በአዘኔታ አዩኝ። እኔም ቀለል ያለ ጽሑፍ መሆኑን፣ ከባድ መጻሕፍት ቢያነቡ እንደሚሻላቸው መከርኳቸው። ዓርብ ዕለት ለማየት ያህል የሁለተኛውን ቅጽ የመጀመሪያ ክፍል ይዤ ሄድኩ። ሰኞ ደወሉ ሳይደወል እትዬ በር ላይ የቆመው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ።

«ቀላል ነው ብለህ አልነበር?» አሉኝ ቁልፉን ሲያዞሩ።

«ላርመው ብዬ ነው።»

«እረም፣ እረም። ሁለተኛው ክፍል እዚያ ጋ ነው።»

ከ«በሮቹ» በፊት ክፍሉ በቀን አራት ሰው ያይ ነበር፤ አንደኛው እኔ ነኝ። ከ«በሮቹ» በኋላ መቀመጫ ጠፋ። ስምንት ስምንት ሆነው ግንባር ለግንባር ገጥመው አንዱን ክፍል ያነባሉ፤ ቀርፋፋው ገጽ እንዲገለጥ ሲለምን ፈጣኑ ይሰድበዋል። እትዬ ይጮኻሉ። ደስ ብሏቸው እንደሚጮኹ ለማወቅ ግን ጆሮ ብቻ ይበቃ ነበር።

ያ እትዬ ታቅፈው ያመጡት የመጨረሻው ቅጽ በገባ በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ መጣ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ወረቀት የሚፈራ ሰው ነበር። በእጁ አንድ ወረቀት ይዟል።

«እትዬ፣ በሚመጣው ወር አጋማሽ ከበላይ ተቆጣጣሪ ይመጣል። በቂ አንባቢ የሌለው ክፍል ለኮምፒውተር ይለቀቃል ይላል።»

«ኮምፒውተር አለን እንዴ?»

«አራት አለ። በካርቶን ነው። ሦስቱ።»

«አራተኛውስ?»

«አራተኛው ካርቶኑ ብቻ ነው ያለው።» ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ክፍሉ ከተወሰደ እርስዎን በር ላይ እናደርጋለን፤ አርፋጅ ይመዘግባሉ። ቀላል ሥራ ነው፣ ወንበርም አለው።»

ዳይሬክተሩ ሲወጣ እትዬ በመደርደሪያዎቹ መካከል አንድ ጊዜ ዞሩ፤ አንዱን መጽሐፍ ገፋ፣ ሌላውን ሳብ አደረጉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው እንዴት እንደሚዞር ያን ቀን አየሁ፤ እጃቸው ከዓይናቸው ይቀድም ነበር።

በማግስቱ የመጨረሻውን ቅጽ ፈትተው ሰፉት። አንደኛው ክፍል ወጣ፣ ሁለተኛውም፣ እስከ አምስተኛው። የአምስተኛው ክፍል የመጨረሻ መስመር እስከ ዛሬ ይታወሰኛል። ልጅቷ አምስት መጽሐፍ ሙሉ ስትፈልገው የኖረችው ትልቁ የከተማ በር ፊት ቆማለች። እንዲህ ይላል፦ «መዳፏን አስደግፋ ገፋችው። በሩ ተከፈተ። ከበሩ ወዲያ ያለው ግን»

ከዚህ በኋላ የብስኩት ካርቶን ነው።

አምስተኛውን ቀድማ የጨረሰችው ባለ መነጽሯ ነበረች፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ቀጭን፣ ስትናገር መነጽሯን ወደ ላይ የምትገፋ። ሩጫ መጣች።

«እትዬ፣ ስድስተኛው!»

«ጥገና ላይ ነው።»

«አዲስ መጽሐፍ አይደል እንዴ? ምኑ ይጠገናል?»

«ሙጫው አልደረቀም።»

በማግስቱም ሙጫው አልደረቀም። በሳምንቱም አልደረቀም። ሙጫው ሳይደርቅ አምስተኛውን የጨረሱት አርባ ሆኑ፣ ስልሳ ሆኑ። በየዕረፍቱ ይመጣሉ፣ ይጠይቃሉ።

«ኸረ ምን ዓይነት ሙጫ ነው እትዬ?»

«ጥሩ ሙጫ ነው። ቶሎ የሚደርቀው መጥፎው ነው።»

አንድ ከሰዓት በኋላ መቀስ ፈልጌ የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ሳብኩ። ስድስተኛው ክፍል ተሰፍቶ፣ ተለብጦ፣ ቁጥሩ ተጽፎበት ቁጭ ብሏል። ሽፋኑን ዳሰስኩት፤ እንደ ጣውላ ደርቋል። ቀና ስል እትዬ ከፊቴ ቆመዋል።

«አየኸው» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ ሲናገሩ ሰማኋቸው። «መጨረሻውን ከሰጠኋቸው ሰኞ ማን ይመጣል?»

«ይመጣሉ እንጂ እትዬ፣ ንባብ ለምደዋል።»

«ንባብ አይደለም የለመዱት፣ መጠበቅ ነው። አሁን ዞር በልና እይ። ያንን ረጅሙን ልጅ አየኸው? ስድስተኛውን እየጠበቀ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈውን ሁለተኛ ጊዜ እያነበበ ነው። ማንም ነክቶት የማያውቅ መጽሐፍ! ያቺኛዋ የከዋክብቱን ይዛለች። እነዚያ ሦስቱ የሕግ መጽሐፍ አውጥተው ይጨቃጨቃሉ። መጨረሻውን ብሰጠው ልጁ ንቡን ያነብ ነበር?» መሳቢያውን በጉልበታቸው ገፍተው ዘጉት። «ተቆጣጣሪው መጥቶ ይሂድ። ክፍሉ ይትረፍልኝ። ከዚያ እሰጣለሁ።»

መናገር ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም፣ ሃያ ምናምን ዓመት አስቤበታለሁ። ዝም አልኩ። የበሮች ጽሕፈት ቤት ሕዝቡን የሚያስተዳድረው የሚያውቀውን በመደበቅ እንደሆነ፣ ይህም ክፉ ሥራ እንደሆነ ተማሪዎቼን ያስተማርኩት ግን በዚያው ሳምንት ነው። ጥሩ ትምህርት ነበር፤ በደንብ ገብቷቸዋል።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በሮች ሁሉ ላይ በነጭ ጠመኔ የታተመ መዳፍ ታየ። የክፍሎቹ፣ የሽንት ቤቱ፣ የዳይሬክተሩ ቢሮ ሳይቀር። በሦስተኛው ቅጽ የከተማዋ ሰዎች የሚያምፁት እንዲህ ነው፤ ነጭ መዳፍ በየበሩ ያትማሉ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ቀኑን ሙሉ ያለ አንዳች ድምፅ ይቀመጣሉ። ዳይሬክተሩ አስጠራኝ።

«ምንድን ነው ይሄ? ፖለቲካ ነው!»

«ልብ ወለድ ነው።»

«ልብ ወለድ ከሆነ በሬ ላይ ምን ይሠራል?»

ተያይዘን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድን። ባለ መነጽሯ እትዬ ፊት ቆማለች፤ ከኋላዋ ብዙ ልጅ ተሰብስቧል።

«እትዬ፣ የኬሚስትሪውን መምህር ጠይቀናል። የትኛውም ሙጫ ሦስት ሳምንት አይፈጅም።»

«የኬሚስትሪው መምህር መጽሐፍ ሰፍቶ ያውቃል?»

«መጨረሻውን ደብቀውብናል።»

«አልደበቅኩም። አቆየሁ።»

«የበሮች ጽሕፈት ቤትም እንደዚህ ነው የሚለው» አለች ባለ መነጽሯ። መነጽሯን ገፋች። ከዚያ ተቀመጠች፤ ሁለት መዳፎቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ዝም አለች። ሌሎቹም ተቀመጡ። ወንበር ያጣው ወለሉ ላይ ተቀምጦ መዳፉን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈ። ቆጠርኳቸው፤ ሰማንያ አንድ ነበሩ። ሳል እንኳ ጠፋ። በማይዘጋው መስኮት የነፋሱ ድምፅ ሲገባ ይሰማ ነበር።

እትዬ አፋቸውን ከፈቱ፤ «ዝም በሉ!» ሊሉ እንደነበር ከአገጫቸው አወቅኩ። ዝም በል የሚባል ሰው ግን አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመኑት ነገር በአንድ ጊዜ፣ ያውም በእሳቸው ላይ ለማመፅ ተብሎ መጣላቸው። ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን የሚያደርጉበት አጡ።

ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ሁሉ እየመጡ ማክሰኞም ተቀመጡ፣ ረቡዕም። ዳይሬክተሩ ወላጅ ልጥራ፣ ልቅጣ፣ ላባርር እያለ ወረቀት ሲጽፍና ሲቀድ ሰነበተ። «ዝም ብሎ መቀመጥን የሚከለክል ደንብ አለ?» ቢለኝ አብረን ፈለግን፤ ደንቡ የሚከለክለው መጮኽን ብቻ ነው። ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ቅጣቱ ገና ሳይወሰን፣ ተቆጣጣሪው ከቀጠሯቸው አራት ቀን ቀድመው ግቢው ውስጥ ከመኪና ወረዱ።

ተቆጣጣሪው ሸበቶ፣ ወፍራም፣ ጫማቸው የሚንቋቋ ሰው ነበሩ። ዳይሬክተሩ ላቦራቶሪውን፣ የአትክልቱን ቦታ፣ ሌላው ቀርቶ የውሃ ታንከሩን ሊያሳያቸው ሞከረ።

«ቤተ መጻሕፍቱን» አሉ።

በሩ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ቆመ። ውስጥ ሰማንያ አንድ ተማሪ መዳፉን ዘርግቶ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ ፊት ለፊቱን እያየ ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ ከኋላ ዓይኑን ጨፈነ። እትዬ ግን ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ነበሩ።

ተቆጣጣሪው ጫማቸው እንዳይንቋቋ በእግራቸው ጣት ጫፍ ገቡ። በጠረጴዛዎቹ መካከል ዞሩ። ባለ መነጽሯ ጎን ጎንበስ ብለው «ምን እየሠራችሁ ነው፣ ልጄ?» አሉ በሹክሹክታ። ባለ መነጽሯ አልመለሰችም። አመፀኛ አይናገርም። ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ቀይ ጽሑፍ ብቻ በዓይኗ አመለከተች፤ የእትዬ ግፍ ይኸው ነው ለማለት።

ተቆጣጣሪው ጽሑፉን አነበቡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ ብል ማንም አያምነኝም።

«ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ» አሉ ውጭ ስንወጣ፣ አሁንም በሹክሹክታ። «እንዲህ ያለ ሥርዓት አላየሁም። ከንባብ በፊት አእምሮን ማዘጋጀት ማለት ይኼ ነው። ማን ነው ያመጣው?»

ዳይሬክተሩ ዓይኑን ገለጠ። «እኛ ነን» አለ።

ተቆጣጣሪው እዚያው ቆመው ጻፉ። ክፍሉ አይነካም፤ እንዲያውም ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ሞዴል ይሆናል። በሚቀጥለው ወር እንግዶች ይዘው እንደሚመጡ ቃል ገብተው ሄዱ።

መኪናው ከበሩ ሳይወጣ ዳይሬክተሩ እትዬን መጽሐፍ መስፊያ ጥግ ላይ ያዛቸው። እኔ መሀላቸው ነበርኩ።

«እትዬ፣ የዛሬው ሥራ የርስዎ ነው፤ አልክድም። አሁን ያቺን የመጨረሻዋን ክፍል እንዳይሰጧቸው።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን? ከሰጧቸው ነገ ማን መዳፉን ዘርግቶ ይቀመጣል? እንግዶቹ እስኪመጡ ይቆዩ። ከዚያም… እናያለን። ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ቢቆይ ምን ይላል? ሙጫው አልደረቀም በሏቸው።»

«ደርቋል።»

«አይድረቅ!»

እትዬ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ዳይሬክተር፣ ሙጫ በደብዳቤ አይደለም የሚደርቀው» አሉት።

ፊታቸውን በደንብ አይቼዋለሁ። ሰኞ ማን እንደሚመጣ ከዚያ ግቢ ሰው ሁሉ በላይ ያውቁት ነበር። ክፍሉ ተርፏል፤ ልጆቹን በሙሉ ይዘው ለማቆየት ደግሞ ከዚያ በኋላ ውሸቱ እንኳ የእሳቸው አይሆንም፣ ትእዛዝ ተሰጥቷቸዋል። መሳቢያውን ሳቡት። ስድስተኛውን ክፍል አወጡና በሰማንያ አንዱ ልጅ መካከል አልፈው ባለ መነጽሯ መዳፎች መካከል አስቀመጡት።

«ደረቀ?» አለች ባለ መነጽሯ። ሰኞ ከተቀመጡ ወዲህ በዚያ ክፍል ከልጆቹ አፍ የወጣ የመጀመሪያው ቃል ነው።

«ደረቀ። አንድ ስለሆነ ጮኸሽ አንብቢው።»

«እዚህ? ጮኼ?»

«እኔ ስጮኽበት የኖርኩበት ክፍል አይደል? አንብቢ።»

ባለ መነጽሯ ጠረጴዛ ላይ ወጣች፤ እግሩ አጭር የሆነው ላይ ስለነበር ሁለት ልጆች ያዙላት። አነበበች።

«ሜዳ ነበር» ይላል የስድስተኛው ክፍል የመጀመሪያ መስመር። ከበሩ ወዲያ ያለው ግን ሜዳ ነበር። ልጆቹ ተነፈሱ። ከዚያ የከተማዋ ሰዎች ሜዳው ላይ ወጥተው ተሰበሰቡ። ስብሰባው አሥራ አንድ ገጽ ፈጀ። ኮሚቴ ተመረጠ። አምስት መጽሐፍ ሙሉ በር የደበደበችው ልጅ የኮሚቴው ጸሐፊ ሆነች። በመጨረሻው ምዕራፍ ሃያ ዓመት አልፏል፤ ባል አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳለች፣ ከቤቷ ጀርባ ጎመን ተክላለች። ባለ መነጽሯ ወደ መጨረሻው ስትደርስ ድምፅዋ እየሰለለ መጣ። ካርቶኑን ዘጋችው።

«ጸሐፊ ሆነች?» አለ ረጅሙ ልጅ።

«ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ነው ይሄ ሁሉ?»

«አይ፣ ጎመኑን እርሳው!»

«እትዬ፣ ሰባተኛ ክፍል የለውም? ደብቀው እንዳይሆን!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ባለ መነጽሯ እንኳ መነጽሯን አውልቃ ሳቀች። እትዬ ጎናቸውን ይዘው፣ እንባቸው እየፈሰሰ ሳቁ፤ «ዝም በሉ» ለማለት ሞክረው ቃሉ መሀል ላይ ሳቅ ቀደማቸው። እኔ በዚያ ክፍል ካየኋቸው ቀናት ሁሉ ያ ቀን ይበልጥብኛል።

ሰኞ ሁለት ልጅ መጣ። አንደኛው ሽንት ቤት መስሎት ነው።

ረጅሙም አልመጣም። የንብ እርባታው መጽሐፍ መሀሉ ላይ የእስክሪብቶ ክዳን ተሸጉጦበት ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እትዬ ወደ መደርደሪያው አልመለሱትም። በየጠዋቱ አቧራውን ጠርገው እዚያው ያስቀምጡታል። ሌላ ረጅም ታሪክ ለማስመጣት ሦስት ደብዳቤ ጻፉ፤ ክፍሉ ሞዴል ስለሆነ ተጨማሪ ነገር እንደማያስፈልገው የሚገልጽ መልስ መጣላቸው።

እንግዶቹ መጡ። ዳይሬክተሩ ከየክፍሉ አሥር አሥር ልጅ እያስመረጠ አስገባ። መዳፍን ዘርግቶ መቀመጥ «የንባብ አቀማመጥ» ተብሎ በትምህርት ቤቱ ደንብ ውስጥ አንቀጽ ወጣለት። ባለ መነጽሯ በመጀመሪያው ጉብኝት ቀን መዳፏን ኪሷ ውስጥ ስለከተተች ሦስት ቀን ግቢ ስትጠርግ ዋለች። ስትጠርግ በመስኮት አየኋት፤ ከሌሎቹ በላይ ደስ ብሏት የነበረ ይመስለኛል። እትዬ ከእንግዶቹ ኋላ ይቆማሉ። አይጮኹም፤ ምክንያት አልነበራቸውም። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ጠየቁ። ዳይሬክተሩ ሊያስቀራቸው ለምኗል፤ ሞዴሉ ያለ እሳቸው ምን ይሆናል ብሎ። ወስፌያቸውን፣ የሰሙን ቁራጭና የክር ድውሩን በጋዜጣ ጠቅልለው ወጡ። እኔ ፈተና እያስፈተንኩ ስለነበር አልሸኘኋቸውም። ከፈተናው ክፍል ተነስቼ ሁለት ደቂቃ መውጣት እችል ነበር።

ያገኘኋቸው ባለፈው ዓመት ነው፤ በአውቶቡስ ሰልፍ ላይ። ከፊቴ የቆሙት አጭር ሴትዮ አንዱን ወጣት «ሰልፉ ጅራቱ ወዲያ ነው፣ አንተ ግን ራሱ ላይ በቀልክ!» ብለው ሲጮኹበት አወቅኳቸው።

«እትዬ!»

ዞረው አፍጥጠው አዩኝ። «መምህር! ምነው እንዲህ አረጀህ?»

«እርስዎ ግን አልተለወጡም።»

«ውሸታም። ጉልበቴ እዚያው ትምህርት ቤት ቀርቷል።» ከዘንቢላቸው ጫፍ የተበጣጠሱ ደብተሮችና የካርቶን ቁርጥራጭ ይታያል። ቤታቸው ሆነው ለሠፈሩ ልጆች እንደሚሰፉ ነገሩኝ። «ሁሉም የተቀደደ ነው የሚያመጡልኝ። የዛሬ ልጅ ክር መፍታት አያውቅም።»

ባለ መነጽሯ የት እንደ ደረሰች ጠየቁኝ። ጠበቃ እንደሆነችና ፍርድ ቤት ውስጥ ዳኛ ዝም በይ ሲላት እንኳ እንደማትሰማ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ያው ሳቅ ነው። ስለ ረጅሙ ልጅ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። «ንብ ያረባ ይሆናል» አልኩ ደስ እንዲላቸው።

«ኤዲያ፣ ምን ያረባል፤ ሁለቴ አንብቦ ንግሥቲቱን ከድንጉላው አይለይም ነበር» አሉ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። በዚያ ረፋድ በመሳቢያውና በባለ መነጽሯ መካከል የሄዷት አሥር እርምጃ ናት ሃያ ምናምን ዓመት ያልለቀቀችኝ። ክፍሉ ድኖላቸዋል፤ አለቃቸው አትስጡ ብሏቸዋል፤ ልጆቹ እንደማይመለሱም ያውቃሉ። ለምን ሰጧቸው? ለልጆቹ ብለው ነው፣ ለዳይሬክተሩ እልህ ነው፣ ወይስ እሳቸውም እንደ እኛ ከበሩ ወዲያ ያለውን ለመስማት ጓጉተው ነበር? ሳያነቡት ነበር ያቆዩት? ቢያንስ ይህን ማወቅ ፈለግኩ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ተቆጣጣሪው እንደሄዱ…» ብዬ ጀመርኩ።

አውቶቡሱ ደረሰ። ሰልፉ ፈረሰ።

«ያዝልኝ እስቲ» ብለው ዘንቢሉን እቅፌ ውስጥ ጣሉትና ሁለት ጎረምሳ በክርናቸው ከፍለው ገቡ። ወዲያው ጭንቅላታቸው በመስኮት ብቅ አለ፤ እጃቸውን ዘረጉ፣ ዘንቢሉን አቀበልኳቸው። «ተባረክ!» አሉ። ረዳቱ በሩን እየመታ ሞልቷል አለ፣ እኔም እግሬ መሬት ላይ እንዳለ አውቶቡሱ ሄደ።